ሆንትድ ማንሽን (ዲዝኒ ወርልድ ኦርላንዶ)፣ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ለምትሄዱ

ክረምት ሲመጣ ከቨርጂኒያም ከሜሪላንድም ከአትላንታም ልጆቹን ጭኖ ወደ ኦርላንዶ የሚነዳው አበሻ ብዙ ነው፣ እኔንም ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ያ ማጂክ ኪንግደም (ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ) ውስጥ ያለው የመናፍስት ቤት ለትንሽ ልጅ ይሆናል ወይ እያለ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሆንትድ ማንሽን በስራው ጥራት ከአምስት አምስት የምሰጠው ራይድ (ተሳፍረው የሚዞሩበት የፓርክ መጫወቻ) ነው፣ ግን ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካላችሁ ሰልፉ አጭር ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳትገቡ። ልጁ መጀመሪያ ውስጥ ምን እንዳለ ይወቅ፣ ከዛ እሺ የሚለው እሱ ይሁን፣ ይሄን የምለው ደግሞ አንዴ ከተነሳ ማስቆም ስለማይቻል ነው።

ብዙ ወላጅ የሚያታልለው የዲዝኒ አፕ ላይ «የቁመት ገደብ የለም» የሚለው ነገር ነው። ገደብ ከሌለው የህጻን ነው ብሎ ያስባል ሰው፣ ግን ቁመት የሚለካው ልጁን መያዣው ብረት በደንብ ይይዘዋል ወይ፣ ሰውነቱ ይችለዋል ወይ ለማለት ብቻ ነው። ታወር ኦፍ ቴረር የሚባለው ሌላው የዲዝኒ ራይድ 40 ኢንች (102 ሴንቲሜትር) የሚጠይቀው ሊፍቱ ቁልቁል ስለሚለቃችሁ ነው እንጂ ታሪኩ ስለሚያስፈራ አይደለም። ሆንትድ ማንሽን ቀስ እያለ ስለሚሄድ ክንድ ላይ ያለ ህጻንም ማስገባት ይቻላል። ልጁ ይፈራል አይፈራም የሚለውን የሚለካ ሰራተኛ በር ላይ የለም፣ እሱ የእናንተ ስራ ነው።

አሁን ውስጡን ልንገራችሁ፣ ሰርፕራይዝ የምትወዱ ትላልቅ ሰዎች ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለልጅ ግን ሰርፕራይዙ ነው ችግሩ። ውጭ ሰልፉ መቃብር ስፍራ በሚመስል ግቢ ያልፋል፣ ድንጋዮቹ ላይ ቀልድ ተጽፏል፣ የሚነካኩ የሙዚቃ ነገሮችም አሉ፣ እዚህ ጋ ልጆች ይጫወታሉ። ከዛ ጨለም ያለች ክፍል ትገባላችሁ፣ ግድግዳው ላይ የአንድ ሰው ስዕል ቀስ በቀስ እያረጀ አጽም ይሆናል። ቀጥሎ ያለችው ክፍል ናት ዋናዋ።

ስምንት ማዕዘን ያላት ጠባብ ክፍል ናት፣ ሰው ሁሉ እየተገፋፋ ይገባና በሩ ይዘጋል። ድምጹ ብቻ የሚሰማ አንድ ሰው ይህ ክፍል መስኮትም በርም የለውም ይላችኋል፣ ክፍሉም ወደ ላይ እየተለጠጠ ይሄዳል፣ ከላይ ቆንጆ የሚመስሉት ስዕሎች ከታች ሲታዩ አንዷ ጃንጥላ የያዘች ልጅ ገመድ ላይ ቆማ ከስሯ አዞ አፉን ከፍቷል። ከዛ መብራቱ ድርግም፣ ነጎድጓድ፣ ጩኸት፣ ቀና ያለ ሰው ደግሞ በመብረቁ ብልጭታ ጣራው ላይ የተሰቀለ አስከሬን ያያል። ትልልቁ ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ስለሚያይ ምንም አይመስለውም፣ የአራት ዓመት ልጅ ግን መሬት ላይ በሰው እግር መሀል ነው ያለው፣ የሚያየው ሱሪና ቦርሳ ነው፣ ድንገት ጨለማ ይሆናል፣ ሰውም ይጮኻል። ተቀጥረው የሚጮሁ አይደሉም፣ ራይዱን በቃሉ የሚያውቀው ጎብኚ ነው አብሮ የሚጮኸው። ከትልቋ ልጄ ጋር ገብተን አጠገባችን የቆመ ትንሽ ልጅ የአባቱን ጉልበት አቅፎ ፊቱን ሲቀብር አይቻለሁ፣ አባትየው ብድግ አድርጎ ጆሮውን ሲሸፍንለት ወዲያው ተረጋጋ። ስለዚህ እዚህ ክፍል ውስጥ ትንሽ ልጅ መሬት ላይ አይቆምም፣ እቅፍ ውስጥ ይሁን፣ ድምጽ የሚረብሸው ከሆነ ያ ለርችት ጊዜ የሚደረገው የጆሮ መሸፈኛ ይደረግለት። ክፍሏን ራሷን መዝለል የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት በር ላይ ያለውን ሰራተኛ በትህትና ጠይቁ፣ ልጄ ይፈራል ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እኔ እንደማየው ልጅ የሚያለቅሰው በብዛት እዚሁ ነው፣ ገና ሳይቀመጥ! ከዚህ በኋላ ያለው ይቀላል። ጥቁር ዛጎል የመሰለች ወንበር መጥታ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ልጁ በሁለት ትልልቅ ሰዎች መሀል ወይም ከእናቱ ጎን ይሆናል፣ ከኋላና ከጎን ስለተሸፈነች የምታሳየው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው የሚሄደው። ብቻውን የሚመታ ፒያኖ አለ፣ ከሬሳ ሳጥን ውስጥ ክዳኑን የሚገፋ እጅ አለ፣ የሚንኳኩ በሮች፣ 13 ቁጥር ያለበት ሰዓት፣ ብርጭቆ ኳስ ውስጥ የምታወራ የሴት ጭንቅላት። ደም የለም፣ ከጨለማ ዘሎ የሚይዛችሁ ሰው የለም፣ የሚነካችሁም የለም።

ከዛ የግብዣው አዳራሽ ይመጣል፣ እኔ እዚህ ጋ ሁሌም አፌን ከፍቼ ነው የማልፈው። ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩ መንፈሶቹ ሲጨፍሩ፣ ሻማ ሲያጠፉ፣ ብቅ ጥፍት ሲሉ ሰውነታቸው ውስጥ ለውስጥ ያሳያል። ኮምፒውተር አይደለም። በእናንተና በአዳራሹ መሀል ትልቅ መስታወት አለ፣ አሻንጉሊቶቹ እናንተ በማታዩበት ከመስመሩ በላይና በታች ቆመው መብራት ሲበራባቸው ነጸብራቃቸው መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ መብራቱ ሲጠፋ ይጠፋሉ። ጆን ሄንሪ ፔፐር የሚባል ሰው በ1862 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ያሳየው ብልሃት ነው፣ እስከ ዛሬ በሱ ስም ነው የሚጠራው።

ይሄን የምነግራችሁ ለታሪኩ ብቻ ብዬ አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ቤታችሁ ውስጥ መብራት አብርታችሁ ልጁን መስኮቱ ጋ አቁሙት፣ ራሱን ውጭ ጨለማው ውስጥ ቆሞ ያየዋል፣ መብራቱን ሲያጠፋው ይጠፋል፣ ሲያበራው ይመለሳል። የኔ የአምስት ዓመቱ ማብሪያ ማጥፊያውን እየተጫወተበት «እኔ ነኝ እኮ መንፈሱ!» እያለ ሳቀ፣ አዳራሹ ጋ ስንደርስ ደግሞ ጣቱን እየቀሰረ መስታወቱ የት እንዳለ ሲፈልግ ነበር። ያው ልጅ እንዴት እንደተሰራ ያወቀውን ነገር ሲያየው ፈሪ መሆኑ ይቀርና መርማሪ ይሆናል፣ ሁሉም ልጅ እንደዛ ነው አልልም ግን መሞከሩ ምንም አያስከፍልም።

ጣራ ስር ያለው ክፍል ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሙሽራ አለች፣ የሰርግ ፎቶዎቹ ላይ የባሎቿ ጭንቅላት አንድ በአንድ ይጠፋል፣ እጇ ላይ መጥረቢያ ብልጭ ይላል። ትንሽ ልጅ ታሪኩ አይገባውም፣ ሰባት ስምንት ዓመት የሆነው ግን ይገባዋል፣ ማታም ይጠይቃችኋል። ወዲያው ከዛ ወንበሯ ዞራ በጀርባችሁ ቁልቁል ትወርዳለች፣ ፈጣን አይደለም ግን ልጅ የሚወድቅ ይመስለዋልና አስቀድማችሁ «አሁን በጀርባችን እንወርዳለን» በሉት። መቃብሩ ጋ ከድንጋይ ጀርባ ብቅ የሚሉ ራሶች አሉ፣ ዘፈኑ ግን ደስ ስለሚል ብዙ ልጅ እዚህ ሲደርስ ፈገግ ይላል። መጨረሻ ላይ መስታወት ውስጥ ስታዩ አንድ መንፈስ አብሯችሁ ተቀምጧል፣ ልጃችሁ መንፈሱ ይከተለኛል ብሎ የሚያስብ ዓይነት ከሆነ ይሄንንም ንገሩት፣ አለበለዚያ ሆቴል ድረስ አብሮ ይመጣል! አንዳንዴ ደግሞ ዊልቸር ያለው ሰው ሲሳፈር መስመሩ በሙሉ ጨለማ ውስጥ ለአፍታ ይቆማል፣ ተበላሽቶ አይደለም፣ ይሄም ይነገረው።

ዕድሜን በተመለከተ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ ጨለማና ጭራቅ መፍራቱ የዕድገቱ አንድ ክፍል ነው፣ እውነተኛውንና የተሰራውን ገና አጥርቶ አይለይም። እየፈራም ልግባ ብሎ አጥብቆ ሊለምናችሁ ይችላል ደግሞ፣ እህቱ ስለገባች ብቻ። ስለዚህ ፓርኩ ውስጥ በሙቀቱና በድካሙ መሀል ሳይሆን ቤት እያላችሁ ዩቲዩብ ላይ ሙሉውን ራይድ መብራት አብርታችሁ አብራችሁ እዩት። አይቶ «ድገሚው» ካለ ይሄዳል። ሶፋው ጀርባ ከሄደ ወይም ወሬ ከቀየረ መልሱን ሰጥቷችኋል።

እዚህ ላይ አንድ የኛ ነገር አለ ማንሳት የምፈልገው። እኛ በአያ ጅቦ ተረት ነው ያደግነው፣ ፍርሃትን ከልጅ አርቀን የምናሳድግ ሕዝብ አይደለንም፣ እኔም ትንሽ መፍራት ልጅን ይጎዳል ብዬ አላምንም። ግን አያቴ ተረት ስትነግረኝ ጉያዋ ስር ነበርኩ፣ ጅቡ ሲቀርብ ድምጿን ታውቅበታለች፣ ዓይኔ ሲፈጥ አይታ ጅቡን ገደል ትከተዋለች። ራይዱ የልጃችሁን ዓይን አያይም፣ ለሁሉም ሰው እኩል ነው የሚሄደው። እና ያንን የአያት ስራ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው መስራት አለበት፣ ማለት ስልክ አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ ሳይሆን እጁን ይዞ በአማርኛ ጆሮው ስር ቀጥሎ የሚመጣውን መናገር። «አትፍራ፣ ወንድ ልጅ አይፈራም» የሚባለውን ግን እባካችሁ ተዉት! ፍርሃቱ አይጠፋም፣ የሚደብቀው ይሆናል፣ የደበቀው ነገር ደግሞ ማታ ሁለት ሰዓት መተኛት የነበረበትን ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት ያስቀምጠዋል።

ሌላው የሃይማኖት ነገር ነው፣ ይሄን ቀለል አድርጌ አላየውም። ቤተክርስቲያን የምንወስዳቸው ልጆች ስለ ክፉ መንፈስ በእውነት ይማራሉ፣ ጸበል አይተዋል፣ ከዛ መንፈስ እየጨፈረ የሚዘፍንበት ቤት ስታስገቡት የአምስት ዓመት ልጅ ሁለቱን ለያይቶ አያስቀምጥም። አንዳንድ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ጭራሽ አይገባም፣ አከብራለሁ፣ ምንም የሚቀርባችሁ ነገር የለም። የምትገቡ ከሆነ ግን ይሄ በሰው እጅ የተሰራ አሻንጉሊት ነው፣ ቄሱ የሚሉን ሌላ ነው ብላችሁ ቀድማችሁ ለዩለት። አያት ከአገር ቤት መጥተው አብረው ካሉ ደግሞ ቀድማችሁ አማክሯቸው፣ ውስጥ ገብተው ማማተብ ከጀመሩ ልጁ የሚያምነው እሳቸውን ነው።

ስም አይታችሁም አትወስኑ። ካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ ውስጥ በ1955 የተከፈተው የስኖው ዋይት ራይድ የልዕልት ስለሆነ ሰው ህጻናት ይዞ ይገባ ነበር፣ ውስጡ ግን ጨለማና ጠንቋይዋ ነበረች፣ ስኖው ዋይት እንኳን አትታይም ነበር ምክንያቱም ተሳፋሪው እሷን ሆኖ እንዲያይ ነበር የታሰበው። በ1983 ሲታደስ ስሙ ላይ «የሚያስፈራ» የሚል ቃል ተጨመረ፣ በ2021 ደግሞ ለስለስ ተደርጎ በአዲስ ስም ተከፈተ። ከ1969 ጀምሮ እዛ ያለው ሆንትድ ማንሽን ግን ከስሙ ጀምሮ ምን እንደሆነ ይናገራል፣ ይሄንን እወድለታለሁ። የኦርላንዶው በ1971 ፓርኩ ሲከፈት ጀምሮ ያለ ነው። ልዩነታቸው የካሊፎርኒያዋ የምትለጠጥ ክፍል የእውነት ሊፍት ናት፣ ወደ ታች ትወርዳለች፣ የኦርላንዶዋ ግን ጣራው ነው ወደ ላይ የሚሄደው። አውሮፓ ያላችሁ ፓሪስ ያለው ፋንተም ማነር አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ፣ ከ1992 ጀምሮ ያለው ያ ጠቆር ይላል፣ አጽሙም ይበዛል፣ እኔ ብሆን ከስምንት ዓመት በታች አላስገባም። ኦርላንዶ ዩኒቨርሳል በሃሎዊን ሰሞን ማታ ማታ የሚያደርገው ሆረር ናይትስ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፣ በእግር የሚገባበትና ሰው መጥቶ የሚያስደነግጥበት፣ ራሳቸውም ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አንመክርም ይላሉ።

ሁለት ልጅ ይዛችሁ ትልቁ ከፈለገ ትንሹ ካልፈለገ፣ አንዳችሁ ከትልቁ ጋር ግቡ፣ ሌላችሁ ትንሹን ይዛችሁ ጥቂት ወደ ፋንታሲላንድ (እዛው ፓርክ ውስጥ ያለ ሰፈር) ስትራመዱ የስሞል ዎርልድ ጀልባና የፒተር ፓን መርከብ አሉ። የስሞል ዎርልድ ሰልፍ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፣ ጥላም አለው። ወጥታችሁ ስትገናኙ ትልቁ ያየውን ሁሉ ለትንሹ አጋኖ እንዳይነግረው ብቻ በሩ ላይ አስጠንቅቁት።