«ነዳጅ ቆጣቢ» እየተባለ ከሚሸጠው ኮሮናና ቶርክ ኮንቨርተር ተጠንቀቁ

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው የቆዩ ፎር ዊል መኪኖችን ለምትነዱ ሁሉ፤ አንድ ጋራዥ ለወንድሜ መኪና የዲፈረንሻል (የካምቢዮውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ክፍል) ኮሮናና ፒኞን (እርስ በርስ የሚናከሱት ትልቁና ትንሹ ባለ ጥርስ ማርሽ) ከታደሰ ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግር ክፍል) ጋር አጣምሮ «ረጅም መንገድ ላይ ነዳጅ ይቆጥባል» በማለት ሸጦ ገጥሞለታል። ለሙከራም ከአዲስ አበባ አዳማ ድረስ ነድተው በሊትር ብዙ ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ በቆጣሪው አሳይተውታል። ከ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,700 ገደማ የሚወርድ መንገድ ላይ የትኛውም መኪና ነዳጅ መቆጠቡ አይቀርም።

ዲፈረንሻሉ ኋላ ሲከፈት የተገኘው ግን ሌላ ነው። የቀድሞው ኮሮና 41፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ስለነበራቸው ምጣኔያቸው 4.10 ሲሆን፣ በምትኩ የገባው 41 ለ 9፣ ማለትም 4.56 ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ሞተሩ በዚያው ፍጥነት አብዝቶ ይዞራል፤ እዚህ ላይ ጭማሪው 11 ከመቶ ነው። ለዳገትና ለጭነት ይበጅ ይሆናል፤ ለአውራ ጎዳና የሚፈለገው ግን ዝቅ ያለው ቁጥር ነበር። በዚህ ዓይነት መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚያነበው ከዲፈረንሻሉ በፊት ያለውን ዙር ስለሆነ፣ በእውነት የተሄደው 100 ኪሎ ሜትር 111 ሆኖ ይመዘገባል። ቁጠባ የተባለው ይኸው ነው።

ቶርክ ኮንቨርተሩን በተመለከተ፣ በአውራ ጎዳና ላይ ሎክ አፑ (በውስጡ ያለው፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን አጣብቆ የሚይዝ ክላች) ሲይዝ ሞተሩና ካምቢዮው ያለ መንሸራተት አብረው ስለሚዞሩ፣ ደህናውን አውጥቶ ሌላ መግጠም የሚቆጥበው ነዳጅ የለም። መፈተሽ ያለበት ሎክ አፑ መያዙ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ከኋላችሁ መኪና በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ በመጨረሻው ማርሽ 80 ገደማ እየነዳችሁ፣ ነዳጁን ሳትለቁ ፍሬኑን በስሱ ብትነኩ ሎክ አፑ ስለሚለቅ የሞተሩ ዙር ጥቂት ከፍ ማለት አለበት፤ መርፌው ካልተነቃነቀ ሎክ አፑ ቀድሞውንም አልያዘም ማለት ነው፤ ጥገናው ደግሞ አንዳንዴ ከአንድ ሽቦ ወይም ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ) አያልፍም።

የኋላው ብቻ ተቀይሮ የፊቱ ዲፈረንሻል በቀድሞው ከቀረ፣ ፎር ዊል በደረቅ አስፋልት ላይ ሲገባ ትራንስፈር ኬዙ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) ሊሰበር ይችላል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የኮሮናውና የፒኞኑ ጥርስ ፊታችሁ ተቆጥሮ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ፍጆታውንም ታንኩን ሞልታችሁ፣ በአንድ መንገድ ደርሶ መልስ ነድታችሁ፣ እንደገና በመሙላት አስሉት፤ ርቀቱ ግን ከስልካችሁ ጂፒኤስ እንጂ ከመኪናው ቆጣሪ አይወሰድ።