«2 ቴራ» የምትባለዋ ፍላሽ ፎቶ ትበላለች!

ሻጩን ታውቁታላችሁ። «ኦርጅናል ናት፣ ከዱባይ የገባች» ይላል። ላፕቶፑ ላይ ይሰካትና 1.81 ቴራባይት የሚለውን ያሳያል፣ አንድ ፊልም ገልብጦ ያጫውታል፣ ብሩን ይቀበላል። ፊልሙማ ይጫወታል! ውስጧ ያለው ቺፕ ብዙ ጊዜ 32 ወይም 64 ጊጋ ስለሆነ የመጀመሪያው ጊጋ በደንብ ይቀመጣል። ውሸቱ ኮንትሮለሩ (ቺፑን የሚያስተዳድረው ክፍል) ላይ ነው፤ ፕሮግራሙን ቀይረው «2 ቴራ ነኝ» እንዲል አድርገውታል።

ጉዱ የሚወጣው በኋላ ነው። የጎግል ፎቶስ 15 ጊጋ ነፃ ቦታ ይሞላል (ጂሜይሉም ከዚያው ላይ ነው የሚቆርሰው)፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ የለም፣ እና የሰርጉም የክርስትናውም የሟች አባትም ፎቶ ወደ ፍላሿ ይገለበጣል። ኮምፒውተሩ አንድም ስህተት ሳያሳይ 100% ይላል። ፎልደሩ ሲከፈት ስሙም፣ ቀኑም፣ መጠኑም አለ፤ የፋይሎቹ ዝርዝር የሚጻፈው መጀመሪያው ላይ፣ እውነተኛው ቦታ ውስጥ ነዋ። ያኔውኑ ሲከፈት ፎቶው ራሱ ሊታይ ይችላል፣ ከራም (ከኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ስለሚነበብ። በዚህ ተማምኖ ከስልክም ከክላውድም ከተጠፋ በኋላ ፍላሿ ተነቅላ ስትሰካ ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ አልከፈት ባይ! አንዳንዷማ ስትሞላ ወደ መጀመሪያው ትመለስና ደህናዎቹ ላይ ትጽፍባቸዋለች።

ይዘዋት ሲመለሱስ? «ቫይረስ በልቶብሽ ነው የኔ እህት፣ ፎርማት አድርጊው»። ይህን ሲል ከስልኩ ቀና እንኳ አይልም። ከዚያ በጣቱ ደረሰኙን ያሳያል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። እሱም ደረሰኝ ከሰጠ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ «ሪከቨሪ እንሠራለን» ብሎ ሌላ ብር ይጠይቃል። ቺፑ ላይ ጭራሽ ያልተጻፈን ፎቶ ከየት ሊያመጣው ነው?

የደረሰባችሁ ካላችሁ አሁኑኑ የጎግል ፎቶስን ቅርጫት ክፈቱ፤ ባክአፕ የነበረ ፎቶ ከተሰረዘ በኋላ 60 ቀን እዚያ ይቆያል። ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ባዶዋን ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ በኤችቱ ቴስት ደብሊው (H2testw)፣ ማክ ላይ በኤፍ3 (F3) በሚባሉት የፍላሽ መፈተሻ ፕሮግራሞች ፈትሹ። በሰከንድ 10 ሜጋ ሙሉ 2 ቴራ መጻፍ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል፤ 100,000 ሜጋባይት ብቻ ብታስጽፉ ግን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ የተጻፈው ተመልሶ ሲነበብ 64 ጊጋዋም እዚያው ትጋለጣለች። ያንን ማለፏ 2 ቴራ ናት ማለት አይደለም። ሙሉው ተፈትሾ እስኪያልቅ ከስልካችሁ አንድም ፎቶ እንዳታጠፉ።