ለዓመታት የቆመ መኪና ላላችሁ፦ የኋላ ፍሬን የሚያውቁ መካኒክ ልጠቁማችሁ

ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና አስነስታችሁ ከኋላ ፍሬኑ የዘይት መስመር አየር አልወጣ ብሎ ያስቸገራችሁ ካላችሁ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። ማመስገን የምፈልገው አንድ አንጋፋ መካኒክንና ረዳታቸውን ነው። ስማቸውና ስልካቸው አደባባይ ላይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጽፈውም። የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛለሁ። ጽሁፉ ትንሽ ይረዝማል፤ «ጎበዝ ናቸው» ብቻ ብዬ ባልፍ ግን ጉብዝናቸው የቱ ላይ እንደሆነ አይታወቅም።

መኪናው የወንድሜ ፒክአፕ ነው። ፍሬኑ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ነው (ታምቡር ማለት ሸራ የሚባለው መያዣ ከውስጥ የሚገፋው፣ ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት)። ወንድሜ ለስራ ርቆ ስለሄደ ለዓመታት ተሸፍኖ ቆሟል። ሞተሩ ባትሪ ተቀይሮለት፣ አሮጌው ነዳጅ ተራግፎ አዲስ ሲገባለት ብዙ ሳያስቸግር ተነሳ። ፍሬኑ ግን ሲረገጥ እስከ ወለሉ ይገባል። ከፊት ሁለቱ ጎማዎች አየሩ ወጥቶ ንጹህ ዘይት መጣ። ከኋላ ቀኝ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከኋላ ግራ ጭራሽ የለም። ሌላ ጋራዥ «ማስተር ሲሊንደሩ ነው» (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ተባለና ተገዝቶ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ «እንግዲያው ቫልቩ ነው» (ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚቆጣጠረው) መባል ሲጀምር አንድ ወዳጄ ወደ እኚህ ሰው መራኝ።

መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁ። መኪናው ምን ያህል ቆመ? ዘይቱ ከዚያ በፊት ተቀይሮ ያውቃል? የተጨመረው ምን ዓይነት ነው? ፔዳሉን ሲረግጥ የነበረው ሰው እስከ ወለሉ ነበር የሚያስገባው? የመጨረሻው ጥያቄ ምን እንደሚያደርግላቸው አልገባኝም ነበርና ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ማስተሩ ውስጥ ጎሚኒው (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያሽገው ላስቲክ) ሁልጊዜ የሚመላለስበት ቦታ ልሙጥ ነው። ከዚያ አልፎ ያለው ግን መኪናው በቆመ ቁጥር ዝገትና ዝቃጭ ይይዛል። ፔዳሉን ወለል ድረስ ስትደፍቀው ጎሚኒው ሄዶ እዚያ ላይ ይፋቃል» አሉኝ። ደህና የነበረ ማስተር አየር ሲወጣለት ውሎ ማታ ላይ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው ማለት ነው። አዲሱም ቢሆን በከንቱ እንዳይደክም ብለው ከፔዳሉ ስር ቁራጭ ጣውላ አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ወለል አልነካም።

አሁን የምነግራችሁን ነው ከሁሉ በላይ የወደድኩላቸው። እቃ አልገመቱም። ዘይቱ የት ድረስ እንደሚደርስ ከማስተሩ ጀምረው እየተከተሉ ሄዱ። በመጀመሪያ ወደ ኋላ የሚሄደውን ቱቦ ከማስተሩ ላይ ትንሽ ላላ አድርገው ረዳታቸውን «ርገጪ» አሏት። ዘይቱ በኃይል ወጣ። ስለዚህ ማስተሩ ነጻ ነው (የአሮጌው ማስተርስ ነጻነት? እሱን ማን ይመልስልናል)። አጥብቀው ዘጉና ወደ ቫልቩ መግቢያ ሄዱ፤ እዚያም ደህና ነው። ከቫልቩ መውጫ ላይ ግን ደከመ።

እዚህ ጋ ሌላ ሰው ቢሆን «ይኸው ቫልቩ ነው» ብሎ እቃ ያስገዛኝ ነበር። እሳቸው ከመኪናው ስር ወጡና ክሪኩን አዩ። መኪናው የተነሳው ከሻሲው ነው፣ የኋላ አክስሉ ተንጠልጥሏል። በዚህ መኪና ላይ ያለው ቫልቭ ጭነት የሚለካ ነው፤ ከአክስሉ ጋር በዘንግና በሞላ ተያይዟል። መኪናው ባዶ ሲሆን ኋላው ከፍ ይላል፣ ያን ጊዜ ቫልቩ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል፤ የኋላ ጎማ ቀድሞ ተቆልፎ መኪናው እንዳይሽከረከር ነው። ከሻሲው ሲነሳና አክስሉ ሲንጠለጠል ደግሞ ቫልቩ ከባዶም በላይ ባዶ የሆነ መኪና ነው የሚያየው፣ መንገዱንም ያጠባል። መደገፊያዎቹን አወጡና ከአክስሉ ስር አደረጓቸው፤ የመኪናው ክብደት በሞላዎቹ ላይ አረፈ። እንደገና «ርገጪ»። ከቫልቩ መውጫ ዘይቱ ፈሰሰ። ምንም እቃ አልተቀየረም።

ቀጥለው ወደ ላስቲኩ ቱቦ መጡ። ከሻሲው ወደ አክስሉ የሚወርደው እሱ አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ወደ ሁለቱ ጎማ ይከፈላል። ከላስቲኩ በላይ ብዙ ዘይት፣ ከበታቹ ጠብታ። ሲፈታ ከውጭ ምንም አይታይበትም፣ ስንጥቅ እንኳ የለውም። በአንድ ጫፍ ሲነፉበት ግን ትንፋሽ አያሳልፍም። ውስጡ አብጦ ተዘግቷል። በኋላ እንዳስረዱኝ ላስቲክ ከውስጥ ሲያብጥ ሁለት ዓይነት በሽታ ያመጣል፦ ወይ ዘይት አያደርስም፣ ወይ ያደረሰውን አይመልስም። ሁለተኛው ሲሆን እግራችሁን ከፔዳሉ ላይ ብታነሱም ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል፣ ጎማውም ይግላል። ለማንኛውም ይሄ ቱቦ ተቀየረ።

ቀኙ አሁን መጣ፣ ግራው አሁንም የለም። የአየር ማውጫዋን ቡሎን በግማሽ ከፍቶ መጠበቅ ሳይሆን ጭራሽ አወጧት። ቀዳዳዋ በዝገትና በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል። ሲያወጧት የነበራቸው ትዕግስት ራሱ ሌላ ታሪክ ነው፦ ማታውን የዝገት መፍቻ ዘይት አፍስሰው አሳደሯት፣ ጠዋት ጫፏን በቀስታ መታ መታ አደረጉ፣ ከዚያ ለመፍታት ሳይሆን መጀመሪያ በጥቂቱ ለማጥበቅ ሞከሩ፤ ስትነቃነቅ ወደ መፍታቱ ዞሩ። በጉልበት ቢሆን ትሰበር ነበር። ለቱቦ ማሰሪያዎቹም ተራ መፍቻ አልተጠቀሙም፤ ዙሪያውን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘውን የቱቦ መፍቻ ነው፣ ጠርዙ እንዳይላጥ።

ታምቡሩ ሲወልቅ የግራው የዊል ሲሊንደር (ጎማው ጋ ሆኖ ሸራውን የሚገፋው) አንዱ ፒስተን ዝጎ ተጣብቋል። ጎሚኒ ብቻ ቀይሩልኝ ብዬ ነበር። ጣታቸውን አስገብተው የሲሊንደሩን ግድግዳ አስነኩኝ፤ ይቆረቁራል። «እዚህ ላይ አዲስ ጎሚኒ ብናስገባ በቅርቡ ዘይት ያንጠባጥብልሃል፣ ሸራውም ዘይት ይጠጣል» ብለው የሁለቱንም ጎን ሲሊንደር አስቀየሩ። እዚህ ላይ ገንዘብ አስወጡኝ፣ ግን ምክንያቱን በእጄ አስነክተው ነው። የሸራውን ትቢያ በአየር አልነፉትም፣ በፈሳሽ አጥበው ነው ያጸዱት፤ በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላልና ረዳቷም እኔም እንዳንተነፍሰው።

ዝገቱ ከየት እንደመጣ ጠይቄያቸው ነበር፤ መኪናው ጣሪያ ስር ነው የቆመው፣ ዝናብ አላየም። የተለመደው የፍሬን ዘይት (ዶት 3፣ ዶት 4፣ ዶት 5.1) እርጥበት ይስባል። መኪናው ይነዳ ይቁም ለእሱ ለውጥ የለውም፣ በላስቲኩም በማጠራቀሚያውም በኩል ከአየሩ ላይ ውሃ ይወስዳል። ውሃው ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፣ የመፍላት አቅሙንም ያወርደዋል። ደረጃው ዶት 4 አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ያዛል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከያዘ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ዶት 5 የሚባለው ደግሞ ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም፤ ቁጥሩ ከ5.1 ጋር ስለሚቀራረብ ቆርቆሮው ላይ ያለውን በደንብ አንብቡ። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ ወደ ፍሬን ከገባ ላስቲኩን በሙሉ ያበላሻል። የጥያቄያቸው ፍሬ እዚህ ላይ ገባኝ።

አየሩን ያወጡት በድሮው መንገድ ነው፦ ጫፉ ዘይት ውስጥ የተነከረ ግልጽ ቱቦ፣ አንድ ሰው ከስር፣ አንድ ሰው ፔዳል ላይ። ረዳታቸው ወጣት ልጅ ናት፣ እግሯ እንደ እሳቸው እጅ የሰለጠነ ነው። «ርገጪ!» «ረገጥኩ ጋሼ።» «ያዢው!» «ይዣለሁ።» ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ከዘጉ በኋላ ብቻ «ልቀቂ!» ሳይዘጋ ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅም እኔን አቆሙኝ፤ ዓይኔን ከእሱ ላይ ባነሳሁ ቁጥር ከመኪናው ስር ድምጽ ይመጣል። በመሳቢያ ፓምፕ የሚሰሩ ሰዎች አረፋው አላልቅ ሲላቸው ለምን እንደሚጨነቁም ነገሩኝ፤ ፓምፑ በቡሎኗ ጥርስ ዙሪያ ከውጭ አየር ስለሚስብ ነው፣ መስመሩ ውስጥ አየር ላይኖር ይችላል። በዚህ መኪና የጀመሩት ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ነው፤ መስመሩ በሰያፍ በተከፈለ (አንዱ የፊት ጎማ ከተቃራኒው ጎን የኋላ ጎማ ጋር በተጣመረበት) መኪና ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ሊለይ ስለሚችል የአምራቹን መመሪያ እዩ ይላሉ።

አረፋው አለቀ። ፔዳሉ ግን አሁንም ዝቅ ይላል፣ ሁለት ጊዜ ሲረገጥ ከፍ ይላል። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሳቸው የእጅ ፍሬኑን ሳቡና «አሁን ርገጪ» አሏት። ፔዳሉ ወዲያው ከፍ አለ። አየር ቢሆን የእጅ ፍሬን አያድነውም፤ ሸራዎቹ ከታምቡሩ ርቀው ነው። ማስተካከያውን በጥርሱ እያዞሩ ሸራው ታምቡሩን ለስለስ አድርጎ እስኪነካ አቀረቡት፣ ጥቂት መለሱት፣ ጨረሱ። ፔዳሉ ቆመ።

ከዚያ ረዳቷ ፔዳሉን በኃይል ይዛ ቆየች፤ እሳቸው በባትሪ እያንዳንዱን ማያያዣ አዩ። የመጀመሪያው ጉዞ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ በዝግታ ነው። ሲመለሱ እጃቸውን ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠግተው ሙቀቱን አመዛዘኑ፤ አንዱ ከሌላው የጋለ ካለ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው። የወጣውን ዘይት ንጹህ ቢመስልም መልሰው አልጨመሩትም።

ጉድለታቸውን ልናገር። ፈጣን አይደሉም። መኪና ስር ሲሆኑ ስልክ አያነሱም፣ ቀጠሮም ይገፋሉ። ለነገ ጉዞ መኪና የሚያስፈልገው ሰው እሳቸው ጋ ባይሄድ ይሻለዋል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው በኮምፒውተር የሚመራ ስርዓት) ያለው መኪና አየር ወደ ኤቢኤሱ ክፍል ከገባበት አንዳንዱ በኮምፒውተር ካልተነቃቃ አይወጣም፤ ያ መሳሪያ የላቸውም፣ እንደሌላቸውም ቀድመው ይናገራሉ። እኔ ግን አንዴ አይቻቸው ሌላ ሰው ጋ አልሄድም።

እሳቸው ጋ የምትደውሉ ሰዎች መኪናው ምን ያህል እንደቆመና ምን ዘይት እንደተጨመረ፣ ምን እቃም እንደተቀየረ አዘጋጅታችሁ ንገሯቸው። መኪናውን በራሱ ፍሬን ነድታችሁ አታምጡት፣ አስጭኑት። እስኪያዩትም ድረስ ፔዳሉን እየደጋገማችሁ ወለል አታስገቡት።