ሊትል ጊዲንግን መጎብኘት ለሚያስቡ

በእንግሊዝ ካምብሪጅሺየር፣ ከሃንቲንግደን በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በእርሻዎች መካከል የምትገኘው ሊትል ጊዲንግ ጥቂት ቤቶችና አንዲት ትንሽ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ያሏት መንደር ናት። ሱቅና ምግብ ቤት ስለሌላት ስንቅ ይዞ በመኪና መሄድ ይሻላል።

የመንደሯን ታሪክ አስቀድሞ ያላነበበ ጎብኚ ቅር ሊለው ይችላል፤ ምክንያቱም ታዋቂ ያደረጋት የፌራር ቤተሰብ የኖረበት ቤት ዛሬ የለም። ኒኮላስ ፌራር በለንደን፣ በሰሜን አሜሪካ የቨርጂኒያን ቅኝ ግዛት ባቋቋመው በቨርጂኒያ ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ የነበሩ ሰው ሲሆኑ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1624 ፈቃዱን ከተነጠቀ በኋላ ዓለማዊውን ሥራ ትተው በ1626 ዲቁና ተቀበሉ፤ ቅስናን ሳይሹም በዲቁናቸው ኖሩ። ቤተሰቡ በጸሎት ለመኖር እዚህ ሲደርስ መንደሯ ሰው አልባ፣ ቤተ ክርስቲያኑም የድርቆሽ ማከማቻ ነበር፤ አረጋዊቷ እናታቸው ሜሪ ፌራር ከመኖሪያ ቤታቸው አስቀድሞ እርሱ እንዲጸዳ ማዘዛቸው ይነገራል።

የዛሬው የቤተ ክርስቲያኑ ፊት በ1714 የታነጸ ሲሆን፣ በሩ ላይ ጠረጴዛ የሚመስለው መቃብር የዲያቆኑ ነው። ውስጡ እጅግ ጠባብ ነው፤ መቀመጫዎቹም ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ስለተዘረጉ፣ ማኅሌት የቆመ ሰው ሁለት ወገን ሆኖ መቀባበል ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ቤተሰቡ በየተራ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት እየተጉ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ቀን ቀን ደግሞ፣ በተለይ የኒኮላስ እህት ልጆች፣ የታተሙ ወንጌላትን በመቀስ እየቆረጡና እየለጠፉ አራቱን ወደ አንድ ተከታታይ ታሪክ ያዋሕዱ ነበር፤ በ1635 ለንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ የተዘጋጀው ቅጂ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ንጉሡ በ1646 በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ድል ተነሥተው ሲሸሹ በሌሊት ወደዚህ መጡ፤ ኒኮላስ በ1637 ስላረፉ የተቀበሏቸው ወንድማቸው ጆን ነበሩ።

ብዙ ጎብኚ የሚመጣው ቲ. ኤስ. ኤልየት በ1942 በመንደሯ ስም ስላሳተመው ግጥም ብሎ ነው። እኔ ግን የመቀሱና የሌሊቱ ትጋት ታሪክ ብቻውን መንገዱን ያዋጣል እላለሁ። ፎቶ አንሥቶ ለመመለስ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት መድባችሁ ከመቀመጫዎቹ በአንዱ ተቀመጡና፣ ከቻላችሁ ጥቂት መዝሙር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ።