«28 ኮር» የተባለውን የጌም ኮምፒውተር ግራፊክስ ካርዱን ሳታዩ እንዳትገዙ

ወገኖች፣ በተለይ አዳማ ያላችሁ፣ ርካሽ የጌም ኮምፒውተር ልትገዙ ካሰባችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ታናሽ ወንድሜ ሁለት ክረምት ሠርቶ ያጠራቀማትን 42 ሺህ ብር የበላብን ዕቃ ነው።

ማስታወቂያው «ዚዮን፣ 28 ኮር፣ 32 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ይላል። ዚዮን ፕሮሰሰሩ ነው፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ደግሞ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርዱ። ሻጩ ኬዙን መታ መታ እያደረገ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የሰርቨር ዕቃ ነው፤ ቀን ከሌት ቢሠራ አይደክምም» አለን። መብራቱ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ይላል። የወንድሜ ዓይን እዚያው ቀረ። እኔም ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ።

ፕሮሰሰሩ ፎርጅድ አይደለም። ኢ5-2680 ቪ4 ይባላል፣ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2016 ለሰርቨር፣ ማለትም ድርጅቶች ቀን ከሌት ለሚያሠሩት ኮምፒውተር፣ ያወጣው ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ሰርቨር ሲቀይሩ አሮጌው በገፍ ይወጣል። ቻይና ውስጥ ደግሞ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከሌላው ዕቃ የሚያገናኘው ቺፕ) አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ይበየድና «ኤክስ99» ተብሎ ይሸጣል። የሚረክሰው ለዚህ ነው። ግን ኮሩ 14 ነው፤ 28 የሚሉት ትሬዱን፣ ማለትም እያንዳንዱ ኮር በአንዴ የሚይዘውን ሁለት ሁለት የሥራ መስመር ቆጥረው ነው። የዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር ላይ ሁለቱም ለየብቻ ተጽፈዋል፤ ትሬዱ እዚያ «ሎጂካል ፕሮሰሰር» ይባላል። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ይሄ ሁሉ ኮር ይጠቅመዋል። ጌም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የጥቂት ኮሮችን ፍጥነት ነው፣ የዚህ ደግሞ ቢበዛ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው። ባለ 4 ኮሩ የቤት ኮምፒውተር ፕሮሰሰር አይ3-12100ኤፍ በብዙ ጌም ይቀድመዋል። ዊንዶውስ 11 ለምትፈልጉም፣ ማይክሮሶፍት ከሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ ይሄ የለም።

ጉዱ ግን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው።

እቤት ወስደን ጌም ስንከፍት ምስሉ ቆም፣ ሄድ፣ ቆም ይላል። መጀመሪያ የአዳማን ሙቀት ጠረጠርን። ፕሮሰሰሩ የ120 ዋት ስለሆነ የኬዙን ጎን ከፍተን ቬንትሌተር ደገንንበት። ለውጥ የለም። ድራይቨሩን ስናድስ ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ አንድ የሰፈር ልጅ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የግራፊክስ ካርድ መመርመሪያ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞልን መጣ። ሲከፍተው ከካርዱ ስም ፊት «ፌክ» የሚል ተጽፏል። ውስጡ ጂቲኤስ 450 ነው፣ እ.ኤ.አ. የ2010 ካርድ! ስሙን በሶፍትዌር ቀይረው ላዩ ላይ አዲስ ስቲከር ለጥፈውበታል። ወንድሜ ምንም አልተናገረም። ኪቦርዱን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ወጣ።

ካርዱ ከኋላው ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ (የድሮ ሞኒተር ገመድ የሚሰካበት) ነበረው። ያኔ ብናውቅ እሱ ብቻ ይበቃን ነበር። የእውነተኛው 1050 ቲአይ ቺፕ ለቪጂኤ የሚሆን ምስል አያወጣም፤ ስለዚህ «1050 ቲአይ» ተብሎ ያ መሰኪያ ካለው ጠርጥሩ።

ይዘን ስንመለስ «ስትወስዱት ይሠራ ነበር» አለን። ደረሰኙን አወጣሁ። «ዴስክቶፕ 1» ይላል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ምን ብዬ ልከራከር? ፈታትተን እንሽጠው ብንል ደግሞ ራሙ የሰርቨር ራም ነው፣ ተራ ማዘርቦርድ ላይ አይሠራም። ካርዱን አውጥተን እንጠቀምበት እንዳንል ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ያለ ካርድ ስክሪኑ ጨለማ ነው።

ዚዮን አትግዙ ማለቴ አይደለም። ካርዱ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ወንድሜ ዛሬ እየተጫወተበት ነበር። ግን የምትጫወቱትን ጌም ራሱን ሻጩ ፊት ግማሽ ሰዓት አስኪዱት። ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ። የካርዱ፣ የፕሮሰሰሩና የራሙ ሙሉ ስም ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። «አሁን መብራት የለም፣ እቤት ሞክሩት» ከተባላችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ መብራት ሲመጣ ትመለሳላችሁ።

ፕሮግራሙ ያለበት ፍላሽ አሁን እኔ ጋ ነው። አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር ልትገዙ ስትሄዱ ጻፉልኝ፣ አውሳችኋለሁ።