2.4 ወይስ 5? ዋይፋይ በድንጋይ ቤት

ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን ግድግዳው ድንጋይ ነው። ብርዱን ይከላከላል፤ ዋይፋዩንም አብሮ! ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተወሽቋል። እኔ ጓዳ ቁጭ ብዬ ቪዲዮው ላይ ያቺ ክብ ስትሽከረከር አያለሁ።

ብዙ ራውተሮች በሁለት ሞገድ ይሠራሉ፤ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። ሁለተኛው ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ «5ጂ» የሚል ቅጥያ ይዞ ይመጣል። ከሞባይሉ 5ጂ ጋር ግን ዝምድና የለውም።

ሳሎን ከሆናችሁ 5ቱ ይሻላል፤ ክርክር አያስፈልገውም። ፈጣን ነው፤ የጎረቤት ዋይፋይም ብዙ አይረብሸውም። ችግሩ ግድግዳ ላይ ነው። ስልኬን ይዤ ወደ ጓዳ ስሄድ በሩ ጋ ሁለት መስመር ቀረ። ምጣዱ ጋ ስደርስ ጭራሽ ጠፋ።

2.4ቱ ቀርፋፋ ነው፤ ድንጋዩን ግን እንደምንም ያልፋል። የሚያማርረው መጨናነቁ ነው። ሞገዱ ቻናል በሚባሉ መተላለፊያዎች ይከፋፈላል፤ እርስ በርስ የማይነካኩት ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ጎረቤቱ ሁሉ 6 ላይ ከሰፈረ እናንተ ወደ 1 ወይም ወደ 11 ቀይሩ። ማይክሮዌቭ ሲሠራም ይረበሻል፤ ብሉቱዝም ትንሽ ይነካካዋል።

እኔ ቴሌቪዥኑንና ላፕቶፑን 5 ላይ፣ ከጓዳ የማይወጣውን የእናቴን ስልክ 2.4 ላይ አድርጌያለሁ። ራውተሩንም ከተወሸቀበት አውጥቼ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት። ላፕቶፑ በኬብል ተሰክቶም ከተንቀራፈፈ ግን ሞገዱን አትውቀሱ፤ የኢንተርኔት መስመሩ ሊሆን ስለሚችል ኢንተርኔት የሚያቀርብላችሁ ድርጅት ጋ ደውሉ።