በቀለም ብዕር ሣጥን ማስጌጥ፦ ከወራት በኋላ ስለ ብዕሩ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ቫርኒሹ

ከመስከረም ጀምሮ ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ የእንጨት ሣጥን የማስጌጥበት ስብስብ አንድ ባለ እንጨት እጀታ ብዕር፣ ሦስት የብረት ጫፎች፣ ውኃ የማያስለቅቀው ጥቁር ቀለምና ትንሽ ጠርሙስ ቫርኒሽ ይዟል። ብዕሩንና ቀለሙን ወድጃቸዋለሁ። ቫርኒሹ ግን ለእኛ ብርድ አይሆንም።

ይህ ሥራ በእንግሊዝ አገር በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ተወዳጅ ነበር። ከሕንድ፣ ከቪዛጋፓታም ይመጡ የነበሩትን በዝሆን ጥርስ የተለበጡ ዕቃዎች ለመምሰል፣ ነጣ ያለውን እንጨት መደቡን በጥቁር ሞልተው አበባውንና ቅጠሉን ሳይነኩ ይተዉታል፤ የቅጠሉን ጅማት በመጨረሻ በብዕር ያወጡታል። እኔ በአበባው ፈንታ ከብራና መጻሕፍት ራስጌ የምናውቀውን ሐረግ እሠራለሁ። አንዱ ክር በሌላው ሥር ሲያልፍ፣ መደቡ ጥቁር በመሆኑ ክሩ ከእንጨቱ ላይ ብድግ ይላል። ሐረግ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም።

አዲስ ጫፍ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣ በአልኮል ሳይጠርጉት ቀለም አይዝም። ከዚያ በኋላ ግን ደስ የሚል ነው፤ ጫን ሲሉት ስንጥቁ ከፈት ብሎ መስመሩ ይወፍራል፣ ሲለቁት እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ብራና የሚጽፉ አንድ መሪጌታ ስሠራ አይተው፣ «ልጄ፣ አትጫኚው፤ ቀለሙ ራሱ ይወርድልሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቀጭኑ ጫፍ ጫና አይችልም። ሥራ ሲያበቃ ወዲያው ታጥቦ ካልደረቀ ደግሞ ይዝጋል።

ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው እንጨቱ ነው። ዋንዛ ቀዳዳው ሰፋ ያለ በመሆኑ ቀለሙ በቀዳዳው እየሮጠ የመስመሩን ጠርዝ ያበላሻል። ጥድ ላይ ጫፉ ለስላሳውን የእንጨቱን መስመር ሲያገኝ ይሰምጣል፣ ጠንካራውን ሲያገኝ ይዘላል። ዝግባ ግን ደቃቅና ወጥ፣ መልኩም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ከአናጺ ቤት የተረፈ ቁራጭ ለትንሽ ሣጥን ይበቃል። ለዚህ ሲባል ከወፍ ዋሻ ደን ዛፍ እንዲቆረጥ ማንም አይመኝ። እንጨቱ በ240 ከዚያም በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ በቀጭን ሼላክ (በአልኮል በሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ) አንድ ጊዜ ይቀባል፣ ሲደርቅ እንደገና በስሱ ይታሻል። ይህ ካልተደረገ፣ በተለይ የሣጥኑ ማዕዘን ላይ እንጨቱ በተቆረጠበት ፊት፣ ቀለሙ ይጠጣል። ከተደረገ ደግሞ የተሳሳተ መስመር በምላጭ ሊፋቅ ይችላል፤ ጸሐፊዎች ብራናን እንደሚፍቁት ማለት ነው።

ቀለሙ ጥቁረቱን የሚያገኘው እንደ አገራችን የብራና ቀለም ከካርቦን ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ አያደበዝዘውም። መስኮት አጠገብ የከረመው ሣጥኔ ዛሬም ጥቁር ነው። ሰፊውን መደብ ግን በብሩሽ መሙላት ይሻላል፤ በብዕር ሲሞላ ሲደርቅ ሽንትር ሆኖ ይታያል።

ወደ ቫርኒሹ ስመለስ፣ ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የተቀባው ሳይደርቅ እየተጣበቀ ከረመ። የባሰው ደግሞ መሟሟያው አልኮል መሆኑ ነው። ቀለሙን የሚያያይዘው ሼላክ ነው፤ ሼላክን ደግሞ አልኮል ያሟሟዋል። ብሩሹ በተመላለሰ ቁጥር የሐረጉ ጠርዝ ላላ፣ ቀጫጭኑ መስመር እንደ ጭስ ግራጫ ሆኖ ተዳመጠ። ቀለምና ቫርኒሽ በአንድ ሣጥን አሽጎ የሚሸጥ አምራች ሁለቱ እንደሚጣሉ ማወቅ ነበረበት፤ ይህን ቸል ማለቱ ያናድደኛል። እኔ አሁን የቤት ዕቃ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ አቅጥኜ፣ ፀሐይ በወጣችበት እኩለ ቀን እቀባለሁ፤ መስመሩን አይነካውም።

ቀጭኑ ጫፍ ስንጥቁ እየሰፋ ስለሄደ መተኪያ ያስፈልገዋል፤ መካከለኛው ግን አሁንም ጤነኛ ነው። መግዛት ለምትፈልጉ፣ እጀታውን፣ ጫፎቹንና ቀለሙን ለየብቻ ካገኛችሁ ሙሉ ስብስቡን አትግዙ።